እርሾ የማይጠብቅ የሱሁር ዳቦ

በረመዳን ሌሊት ለሱሁር ስንነሳ የማታው ዳቦ አልቆ የምናገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። በዚያ ሰዓት ሊጥ አቡክቶ ኩፍ እስኪል መጠበቅ የማይታሰብ በመሆኑ ልጆች ሻይ ብቻ ጠጥተው ይጾማሉ። እኛ መምህራን እነዚህን ልጆች እናውቃቸዋለን፤ ረፋዱ ላይ ራሳቸውን ደብተራቸው ላይ የሚጥሉት እነሱ ናቸው።

ለዚህ ያለ እርሾ የሚሠራ ቤግል ሁነኛ መላ ሆኖ አግኝተነዋል። ቤግል መሐሉ ክፍት የሆነ፣ የቀለበት ቅርጽ ያለው የፖላንድ አይሁዶች ዳቦ ነው፤ በ1610 እ.ኤ.አ. በክራኮው ከተማ በወጣ የማኅበረሰባቸው ደንብ ውስጥ ስሙ ሰፍሮ ይገኛል። ዋናው ቤግል በእርሾ ቦክቶ፣ በፈላ ውሃ ተነክሮ ከወጣ በኋላ ነው የሚጋገረው። የእኛው ይህን ሁሉ አይጠይቅም፤ እርግጥ እንደ ዋናው ጠንከር ብሎ አይታኘክም።

ማታ ከመተኛት በፊት እርጎውን በንጹሕ ስስ ጨርቅ ቋጥሮ ማንጠልጠል ነው፤ አጓቱ ካልወረደ ሊጡ እጅ ላይ ይጣበቃል። ሌሊት 250 ግራም (2 ብርጭቆ ገደማ) የፉርኖ ዱቄት ከ4 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደርና ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጋር ከተደባለቀ በኋላ፣ ከተጠለለው እርጎ 250 ግራም ይጨመርበታል።

ከዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። እርሾ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ቤኪንግ ፓውደር ግን መዘግየትን አይወድም። በውስጡ ያሉት ሶዳና ደረቅ አሲድ እርጥበት እንዳገኙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ መልቀቅ ይጀምራሉ፤ ዳቦውን የሚነፋውም ይኸው ጋዝ ነው። ሊጡ ተለውሶ ከተቀመጠ ጋዙ ያመልጥና ዳቦው ይደድራል። ስለዚህ ኦቨኑ አስቀድሞ ይጋል፤ ሊጡም እስኪያያዝ ብቻ ይለወስ እንጂ ብዙ አይታሽ። ፓውደሩ ከተከፈተ የቆየ ከሆነ ጥቂቱን ሙቅ ውሃ ላይ ጣል አድርጎ ማየት ነው፤ አረፋ ካላወጣ ኃይሉ አልቋል።

ሊጡ 8 ቦታ ተከፍሎ እንደ ገመድ ይድቦለቦልና ጫፍና ጫፉ ይጋጠማል። ይህን ሥራ ለወንዶች ልጆች መስጠት ይቻላል፤ እናት ብቻዋን የምትነሳበት ምክንያት አይታየንም። ላዩ እንቁላል ተቀብቶ ሰሊጥ ወይም ጥቁር አዝሙድ ይነስነስበትና በ190 ዲግሪ ሙቀት ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይጋገራል። ኦቨን የሌለው ቤት እንቁላሉን ትቶ፣ በተከደነ ወፍራም ድስት በዝግታ እሳት እያገላበጠ ሊያበስለው ይችላል። እስከ ፈጅር አዛን አንድ ሰዓት ከቀረ ይደርሳል። የተረፈው በማግስቱ ስለሚደርቅ ለሁለት ሰንጥቆ መጥበስ ይሻላል።