ከውልብልቢቱ ጀርባ ያለው ዲናሞ

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠራ ሴስና 172 ኮፈኑ ሲነሳለት፣ ከውልብልቢቱ ጀርባ ማንኛውም የመኪና መካኒክ የሚያውቀው ዕቃ ብቅ ይላል፤ በቺንጋ የሚዞር ዲናሞ። በብዙዎቹ ላይ የሚገኘው የፎርድ መኪና ዲናሞ ዝርያ ነው። በፓይፐር ቸሮኪዎች ላይ ደግሞ የክራይስለሩ ይገኛል። የአውሮፕላን ፋብሪካዎቹ አዲስ ከመፍጠር ይልቅ መኪና ላይ የተፈተነውን ወስደው ለአየር አስመሰከሩት።

ታዲያ ሲበላሽ ባለቤቱ ወደ መኪና መለዋወጫ ሱቅ ቢሄድስ? መንትያውን በርካሽ ያገኛል፤ መግጠም ግን በአብዛኛው አይፈቀድለትም። በአሜሪካ ሕግ፣ በአብዛኛው ከፋብሪካ የብቃት ማረጋገጫ ይዞ በወጣ አውሮፕላን ላይ የሚገባ ዲናሞ በፋብሪካው የዕቃ ዝርዝር ውስጥ ያለ፣ ወይም አምራቹ በምትክነት እንዲሠራው የተፈቀደለት፣ አለዚያም ለዚያ ሞዴል የማሻሻያ ሰርተፍኬት የተሰጠው መሆን አለበት። ፈቃድ ያለው መካኒክ ገጥሞት በመዝገብ ላይ ይፈርማል። አውሮፕላኑን ራሱ ለገጣጠመ ሰው ሕጉ ላላ ይላል፤ የቫንስ አርቪ ባለቤቶች የዴንሶ የመኪና ዲናሞ የሚገጥሙት በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን በነጻነቱ ውስጥ አንድ አደጋ አለ። የብዙ መኪና ዲናሞ የቮልቴጅ መቆጣጠሪያው ሆዱ ውስጥ ነው። መቆጣጠሪያው ተበላሽቶ ቮልቴጁ ሽቅብ ሲነጉድ ከውጭ የሚያቋርጠው መከላከያ ከሌለ፣ ከዲናሞው በብዙ እጥፍ የሚወደዱ ሬዲዮዎችና ስክሪኖች ይቃጠላሉ።

ከግዢ በፊት ግን ዲናሞው በእርግጥ ጥፋተኛ መሆኑ ይጣራ። እንዲህ ያለው ዲናሞ ኤሌክትሪክ ማመንጨት የሚጀምረው በውስጡ የሚዞረው ጥቅልል መጀመሪያ ከባትሪው ትንሽ ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ነው። ያቺ ቀጭን መስመር በማብሪያ ማጥፊያው፣ በሰርኪዩት ብሬከሩና በመቆጣጠሪያው በኩል ታልፋለች፤ አንዱ ጋ ከተቋረጠች ደህናው ዲናሞ የሞተ ይመስላል። የዛገ የመሬት ሽቦ ወይም የላላ ቺንጋም እንዲሁ ያሳስታል። ያለቀ ካርቦን፣ የተቃጠለ ዳዮድ ወይም የሚጮህ ኩሽኔታ ከተገኘ ግን ክሱ በዲናሞው ላይ ይጸናል። በቮልት መለኪያ የሚጠፋው አንድ ሰዓት ብዙ ገንዘብ ያድናል፤ እኔ እንደማየው በዚህ ጉዳይ ትልቁ ብክነት ያልታመመውን መቀየር ነው።

ቀጥሎ ቮልቴጁ ነው። ሴስና 172ን ከ1978 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ጀምሮ ከ14 ወደ 28 ቮልት አዛውሮታል። ስለዚህ «የ172 ዲናሞ» ብሎ ማዘዝ አይበቃም፤ የአውሮፕላኑ ሞዴልና ተከታታይ ቁጥር፣ የነባሩ ዲናሞ ፓርት ቁጥር ያስፈልጋል። አነዳዱም ይለያያል። በላይካሚንግ ሞተሮች ላይ በአብዛኛው በቺንጋ ሲሆን፣ በብዙዎቹ ትልልቅ ኮንቲኔንታል ሞተሮች ላይ በጥርስ ከራሱ ከሞተሩ ጋር ይያያዛል። የጥርሱ ዓይነት ባለቤቱን እንቅልፍ የሚነሳ ነው፤ መገናኛው ከተሰባበረ ስብርባሪው የሚወድቀው ሞተሩ ውስጥ ነውና። እዚያ ላይ በገንዘብ መቆጠብን አልመክርም።

አምፔርን በተመለከተ ብዙ ሰው ትልቁን ይመኛል። የአሜሪካ አቪዬሽን አስተዳደር የጥገና መመሪያ ያለማቋረጥ የሚሠራው ጭነት ከዲናሞው አቅም 80 በመቶ እንዳያልፍ ይመክራል፤ ለ60 አምፔር ዲናሞ 48 መሆኑ ነው። የድሮው ባለ 100 ዋት የማረፊያ መብራት በ14 ቮልት ብቻውን 7 አምፔር ገደማ ይወስዳል፤ በኤልኢዲ ሲተካ ፍጆታው በእጅጉ ይወርዳል። መብራቱን የቀየረ ሰው ብዙ ጊዜ በነባሩ አቅም ይብቃቃል። ትልቅ ዲናሞ ወፍራም ሽቦና ሌላ ሰርኪዩት ብሬከር ሊጠይቅ ይችላል፤ ያኔ ሥራው ዕቃ መተካት መሆኑ ይቀርና ማሻሻያ ይሆናል፣ ከነወረቀቱ።

ዲናሞው በበረራ ላይ ቢቆም የነዚህ ሞተሮች ሻማዎች አይጠፉም፤ ማግኔቶዎቹ የራሳቸውን ብልጭታ ያመነጫሉ። በጠራ ቀን አብራሪው የማያስፈልገውን አጥፍቶ በባትሪው እየተጠቀመ ቅርብ ካለው ሜዳ ያርፋል። በሌሊት ወይም ደመና ውስጥ ለሚበር፣ በተለይ መለኪያዎቹ ሁሉ ስክሪን ለሆኑበት፣ ነገሩ ሌላ ነው። ሲረስ ኤስአር22 ሁለት ዲናሞ ይዞ የሚወጣው ለዚህ ነው።

አዲስ ወይስ የታደሰ? ታዋቂ ወርክሾፕ ያደሰው አሮጌውን አስረክቦ በቅናሽ ስለሚወሰድ መጥፎ ምርጫ አይደለም፤ ምኑ እንደተቀየረ የሚገልጸው ወረቀት አብሮ እስከመጣ ድረስ። ቺንጋው ግን አብሮ ይቀየር። በላይካሚንግ ላይ ቺንጋ ለማስገባት ውልብልቢቱ መፈታት አለበት፤ ለርካሽ ጎማ ሲባል ያን ሥራ ሁለቴ መክፈል ያናድዳል። አዲስ ቺንጋ ስለሚለጠጥም በመጀመሪያዎቹ 25 የበረራ ሰዓታት ውስጥ ውጥረቱ እንደገና ይለካል።