ዝማሬ በምድረ ባዕድ

ሰው ከተወለደበት ቀዬ በጦርነት፣ በረኃብ፣ በግዞት ወይም በእንጀራ ፍለጋ በተለየ ጊዜ ቤቱና ርስቱ፣ ከብቱና ጎረቤቱ በኋላው ይቀራሉ፤ በልቡናው ያደረው ዜማ፣ በቃሉ የያዘው ታሪክና የአባት የእናቱ መታሰቢያ ግን ቀራጭ የማይቀርጠው፣ ወራሪም የማይወርሰው ስንቅ ሆኖ ይከተለዋል። የእስራኤል ልጆች ወደ ባቢሎን ተማርከው በወረዱ ጊዜ በወንዞቿ ዳር ተቀምጠው እንዳለቀሱ፣ መሰንቋቸውንም በዛፍ ላይ ሰቅለው በማራኪዎቻቸው ፊት ለመዘመር እንዳልወደዱ በ136ኛው መዝሙረ ዳዊት የምናነበው ነገር፣ ከአገሩ የወጣ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ራሱን የሚጠይቀውን ጥያቄ ይዟል፤ በባዕድ ምድር መዘመር ይቻላልን? ቢቻልስ፣ ያ ዝማሬ ለተሰደደው ሰው ወገን ያስገኝለታልን? ከቅርብ ዘመን ታሪካችን ሦስት ምስክሮችን ብንጠራ መልሱን ይነግሩናል።

የመጀመሪያዎቹ ምስክሮች «አርባ ልጆች» የተባሉት ናቸው። በ1916 ዓ.ም. በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ወደ አውሮፓ ለጉብኝት በተነሡ ጊዜ በመንገዳቸው ኢየሩሳሌምን ተሳልመው ነበርና፣ በዚያ በአርመኖች ገዳም ውስጥ፣ ከ1907 ዓ.ም. ጀምሮ በኦቶማን ግዛት በአርመን ሕዝብ ላይ ከወረደው እልቂት የተረፉ እጓለ ማውታን አገኙ፤ ስለ ልጆቹም ልባቸው ራርቶ፣ ከአርመን ፓትርያርክ ፈቃድ ተቀብለው፣ አርባውን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። ልጆቹም በአርመናዊው የሙዚቃ ሊቅ በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የመንግሥት የማርሽ ሙዚቀኞች ሆኑ፤ ኬቮርክ የደረሰውም ዜማ ከዮፍታሔ ንጉሤ ግጥም ጋር ተዋሕዶ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ተሰማ፤ ከዚያም እስከ አብዮቱ ዘመን ድረስ የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ሆኖ ኖረ። የገዛ መንደሩ የጠፋበት ሰው፣ ሌላ ሕዝብ በአገሩ ደስ ብሎት የሚዘምርበትን ዜማ መድረሱ እጅግ የሚያስደንቅ ነገር ነው። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም በበኩሉ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ፣ በማዘጋጃ ቤትና በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ለሚጫወቱ ሙዚቀኞች የአገራችንን ቅኝቶች ለዘመናዊ መሣሪያ እያስማማ፣ እስከ ዕለተ ሞቱ በዚህች አገር ሲያስተምርና ሲደርስ ኖሯል።

ሁለተኛው ምስክር ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። በ1902 ዓ.ም. በጎጃም፣ በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ ተወልደው፣ በልጅነታቸው በቤተ ክህነት ሥርዐት ቅኔ የተማሩት እኒህ ሰው፣ በጠላት ወረራ ጊዜ ከጦር መሪው ከራስ እምሩ ጋር ሲዋጉ ተማርከው፣ አስቀድሞ በፖንዛ ኋላም በሊፓሪ በተባሉት የኢጣልያ ደሴቶች እስከ 1935 ዓ.ም. ድረስ በግዞት ቆዩ። ከዚያም በኢየሩሳሌም፣ በአሜሪካና በእንግሊዝ በመንግሥት መልእክተኛነት ሲያገለግሉ ከዕድሜያቸው ብዙ ዓመታትን በባዕድ አገር አሳለፉ፤ ነገር ግን በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር» ታትሞ በወጣ ጊዜ፣ ያን ሁሉ ዘመን የጎጃምን ጉባኤ ቤት፣ የባላባቱን አዳራሽና የገበሬውን ማሳ በሕሊናቸው ጠብቀው ማቆየታቸው ለሁሉ ተገለጠ። የመጽሐፉ ዋና ሰው በዛብህም፣ ገና በልጅነቱ በእናቱ ስእለት ለቤተ ክርስቲያን ተሰጥቶ ከወላጆቹ ቤት የወጣና ዕድሜውን በመንገድ የጨረሰ ነው። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ ያን ልብ ወለድ በኢትዮጵያ ሬዲዮ በተረከው ጊዜ፣ የዓባይን ሸለቆ ተሻግሮ የማያውቀው አድማጭ ስለ በዛብህና ስለ ፍቅረኛው ስለ ሰብለ ወንጌል እንደ ቤተ ዘመድ አዘነ፤ የአንድ ሰው ትዝታም የብዙ ሰው አገር ሆነ።

ሦስተኛዋ ምስክር እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። አርባው ልጆች አዲስ አበባ በገቡበት በ1916 ዓ.ም. የተወለዱት፣ በዓለም ስማቸው የውብዳር ይባሉ የነበሩት እኒህ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ፣ ገና በስድስት ዓመታቸው ወደ ስዊስ አገር አዳሪ ትምህርት ቤት ተልከው ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ፤ በወረራው ዘመን ከቤተ ሰባቸው ጋር ወደ አሲናራ ደሴት፣ ከዚያም በኔፕልስ አቅራቢያ ወዳለችው ወደ መርኮሊያኖ ተጋዙ፤ ከነጻነት በኋላ በካይሮ ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ሙዚቃን በትጋት አጠኑ። ትምህርታቸውን በእንግሊዝ አገር ለመቀጠል የነበራቸው ተስፋ ፈቃድ በመከልከሉ በተቋረጠ ጊዜ፣ ዓለምንና ክብሯን ንቀው ግሸን ማርያም ገብተው መነኮሱ፤ በዚያም 10 ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው እየሄዱ በጾምና በጸሎት ኖሩ።

ወደ ፒያኖው የመለሳቸው ርኅራኄ ነው። በጎንደር የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያጠኑ ሳሉ፣ የቆሎ ተማሪዎች ከቤተ ክርስቲያን ደጅ በሜዳ ላይ ሲያድሩ አዩ። የቆሎ ተማሪ ማለት ድጓና ቅኔ ፍለጋ የአባቱን ቤት ጥሎ፣ ዳባ ለብሶና አኩፋዳ ይዞ፣ በእመቤታችን ስም እየለመነ ከደብር ወደ ደብር የሚዞር፣ ስለ ዕውቀት የተሰደደ ልጅ ነው፤ በስደትና በግዞት ያደጉት እማሆይም የእርሱን ኑሮ ለመረዳት ተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። የሚመጸውቱት ገንዘብ ስላልነበራቸው የሚያውቁትን ሙዚቃ ለመመጽወት ወሰኑ፤ በ1959 ዓ.ም. ገደማ በጀርመን አገር የታተመው የመጀመሪያ ሸክላቸውም ለድኾች ርዳታ የታሰበ ነበር። በድርሰቶቻቸው ውስጥ የአገራችን ቅኝትና የማኅሌቱ ዜማ ከአውሮፓ የፒያኖ ጥበብ ጋር ሳይጋጭ ይኖራል፤ ከድርሰቶቹም አንዱ ስለ ቤት አልባ ተንከራታች፣ ሌላውም ስለ አገር ናፍቆት ተሰይሟል። በ1976 ዓ.ም. ገደማ ወደ ኢየሩሳሌም ተሻግረው፣ መጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው እስካረፉ ድረስ በዚያ ባለው የኢትዮጵያ ገዳም ኖሩ።

እነዚህ ሦስት ታሪኮች በዘመንና በዕድል ቢለያዩም በአንድ ነገር ይስማማሉ። የተሰደደ ሰው ትዝታውን ለብቻው ዘግቶበት በተቀመጠ ጊዜ ትዝታው ኀዘን ይሆንበታል፤ ያለፈው ሁሉ ያማረ፣ በፊቱ ያለው ሁሉ የከፋ እየመሰለው፣ ከአሁኑም ጎረቤት ጋር ሳይዛመድ ዘመኑ ያልፋል። ያንኑ ትዝታ ለሌላ ሰው እንዲጠቅም አድርጎ በሰጠ ጊዜ ግን ተቀባዩ ወገን ይሆንለታል፤ ኬቮርክ ለኢትዮጵያ ዜማን፣ ሐዲስ ለአንባቢ ጎጃምን፣ እማሆይም ለድኻው ተማሪ ሙዚቃቸውን በሰጡ ጊዜ የሆነው ይኸው ነው። ዝምድና በትውልድ ብቻ የሚገኝ ቢሆን ኖሮ አርመናዊው በአዲስ አበባ እንግዳ ሆኖ በቀረ ነበር።

ዛሬ በዋሽንግተን፣ በኢየሩሳሌም፣ በሮምና በዐረብ አገሮች የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን በዘፈንና በመዝሙር፣ በመጽሐፍና በወግ አገራቸውን ይፈልጋሉ፤ መፈለጋቸውም መልካም ነው። ይሁን እንጂ ዜማውን መስማት ብቻ አይበቃም። እናት የምታውቀውን እንጉርጉሮ ለልጇ ከነትርጉሙ ታስተምረው፤ አባት የመንደሩን ታሪክ ከመርሳቱ በፊት ይጻፈው፤ ወጣቱም በተቀበለው ሕዝብ መካከል የራሱን ቅኝት ከዚያው አገር ጥበብ ጋር አስማምቶ ያሰማ። እንዲህ የሚያደርግ ሰው አገሩን አያጣም፤ ያደረበትንም አገር የራሱ ያደርገዋል።