ማጥበቅና ማላላት፦ አድራጊና ተደራጊ የሚምታቱበት ንባብ

ጽሑፍን አሳስቶ ስለመረዳት ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚታሰበን ቅኔ ነው። ሰሙን ይዞ ወርቁን የሳተ አንባቢ በምሳሌነት ይቀርባል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የማነሣው ግን በተራው ዝርው ጽሑፍ ውስጥ ያለ፣ እምብዛም የማይስተዋል ችግር ነው። ይኸውም ጥብቀትን የማያሳየው ጽሕፈታችን አድራጊውንና ተደራጊውን አንድ አድርጎ ሲያቀርብ አንባቢው ክፍተቱን በምን ይሞላዋል? የሚለው ነው።

"ገና"፣ "ዋና"፣ "አለ" ላልተውና ጠብቀው ሲነበቡ ትርጉማቸው እንደሚለያይ ማንኛውም ተማሪ ያውቃል። ዐውዱ ቶሎ ስለሚለያቸው ብዙ ጉዳት አያስከትሉም። የሚከብደው በግስ ላይ የሚታየው ነው። በኃላፊ ጊዜ "መታ" እና "ተመታ" በ"ተ" ይለያያሉ። በትንቢት ጊዜ ግን "ተ" በተከታዩ ፊደል ስለሚዋጥ የሚቀረው ምልክት ጥብቀቱ ነው። "ይሰብራል" እና "ይሰበራል" በፊደላቸው ቅርጽም ስለሚለያዩ አያሳስቱም። እንደ "መታ"፣ "ረሳ"፣ "ረታ"፣ "ቀማ"፣ "ከዳ" ባሉት ግሶች ግን ይህ መለያ የለም። "ይመታል" ላልቶ ሲነበብ መቺውን፣ "መ" እና "ታ" ጠብቀው ሲነበቡ ተመቺውን ያመለክታል። "ከሳሹ ይረታል" የሚለው ድልንም ሽንፈትንም ሊነግረን ይችላል።

የሚከተሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች እንመልከት።

"ነጋዴው ሁልጊዜ መንገድ ላይ ይቀማል።"
"ሥራ ፈቱ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ይቀማል።"

የመጀመሪያውን አጥብቀን፣ ሁለተኛውን አላልተን ለማንበብ እንቸኩላለን። ሆኖም እንዲህ እንድናነብ የሚያስገድደን አንዳች ቃል በጽሑፉ ላይ የለም። ልዩነቱ የመጣው ስለ ነጋዴና ስለ ሥራ ፈት አስቀድመን ከያዝነው ግምት ነው። ስለዚህ ቃሉን አሳስቶ ማንበብና በሰው ላይ አሳስቶ መፍረድ እዚህ ላይ አንድ ድርጊት ይሆናሉ። ነገሩ በልብ ወለድ ውስጥ ቢያጋጥም የገጸ ባሕርይ ትንተናችንን ያዛባል፤ በምስክር ቃል መዝገብ ውስጥ ቢያጋጥም ግን ተበዳዩን በዳይ ያደርገዋል።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ስሕተትም አለ። ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ባሳተመው፣ ርእሱ "ሰምና ወርቅ" ተብሎ በሚተረጎመው መጽሐፉ፣ ሰምና ወርቅ የቅኔ ስልት ብቻ ሳይሆን የአማራን ባህላዊ ሕይወት የሚገልጽ ጠባይ ጭምር ነው ሲል ተከራክሯል። ይህን አስተያየት ሳይመረምር የተቀበለ አንባቢ አሻሚ ዐረፍተ ነገር ባገኘ ቁጥር ተናጋሪው አንድ ነገር ደብቋል ወደሚል መደምደሚያ ሊደርስ ይችላል። ነገር ግን "እረሳለሁ ብዬ እፈራለሁ" ያለች ሴት ስትናገር አላሻማችም፤ የፈራችው መርሳትን ይሁን መረሳትን ድምፅዋ ለይቶታል። ያሻማው ንግግሯን ወደ ወረቀት ያዛወረው ጽሕፈት ነው። ባለቅኔው ሆን ብሎ ሁለት ንባብ ሲያኖር ሁለቱንም መያዝ ይገባናል። ተራ ምስክር ግን የተናገረው አንዱን ብቻ ነው።

ታዲያ አንባቢው ምን ያድርግ? በመጀመሪያ የ"ን" እና የ"በ" ምልክቶችን ይፈልግ። "ልጁን ይመታል" እና "ልጁ በአጎቱ ይመታል" ግልጽ ናቸው። ይሁንና "ን" ሁልጊዜ አያድንም፤ "ገንዘቡን ይቀማል" አሁንም ለሁለቱም ንባብ ክፍት ነው። በሁለተኛ ደረጃ ከፊትና ከኋላ ያሉትን ዐረፍተ ነገሮች ይመርምር። በሦስተኛ ደረጃ ሁለቱንም ንባብ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይሞክር። ጸሐፊው በበኩሉ፣ በተለይ የሰው ቃል የሚመዘግብ ከሆነ፣ አድራጊውን በስም መጥራት ወይም በአንዳንድ የሰዋስው መጻሕፍት እንደሚደረገው በሚጠብቀው ፊደል ላይ ነጥብ ማኖር ይችላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ጥርጣሬው ካልተወገደ፣ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ የመረጠውን ንባብና የመረጠበትን ምክንያት በትንተናው ውስጥ ለይቶ መግለጽ ያለበት ይመስለኛል። ምክንያቱን ፈልጎ ከጽሑፉ ውስጥ ካጣው፣ ምርጫው የመጣው ስለ ሰውየው ከነበረው ግምት መሆኑን በዚያው ይረዳል።