በየአቅሙ መማር በአብነት ትምህርት ቤት

ዛሬ እኛ መምህራን «ተማሪው በየአቅሙ ይራመድ» እያልን እንደ አዲስ ግኝት የምንወያይበት ሥርዓት፣ በጎንደርና በዙሪያዋ ደጋ ባሉት የአብነት ትምህርት ቤቶች ከጥንት ጀምሮ የጸና ነው። በንባብ ቤት ሕፃኑ ከሀሁና ከአቡጊዳ ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያም ወደ ወንጌልና ወደ ዳዊት የሚሸጋገረው፣ ዕድሜው ሳይሆን የንባቡ ጥራት ሲፈቅድለት ነው፤ በስንደዶ ፊደሉን እየነካ አንዱን ምዕራፍ ደረጃ በደረጃ በቁጥር፣ በግዕዝ፣ በውርድ፣ በመጨረሻም በቁም ንባብ ይዘልቀዋል፤ መምህሩም ስሕተት በሰሙ ጊዜ ይመልሱታል እንጂ ጓደኛው ቀድሞታል ብለው አያሳልፉትም። በአቋቋም፣ ማለትም በማኅሌቱ ሥርዓት ትምህርት፣ ማስመስከሪያነቷ በታወቀችው በጎንደር በአታ ለማርያምም፣ በመቋሚያ የሚዘመመውን ዝማሜ እስኪያጸና ዓመታት የፈጀበት ደቀ መዝሙር እንደ ወደቀ አይቆጠርም። እንደ እኔ አስተያየት ዘመናዊው ክፍል ከሁሉ አስቀድሞ ሊወርሰው የሚገባው ግን ማስቀጸሉን ነው፤ የቀደመው ተማሪ የኋለኛውን እያስጠና ስለሚያስቀጽል፣ አንድ መምህር በልዩ ልዩ ደረጃ ያሉትን ሁሉ በአንድ ጉባኤ ያስተምራሉ።