ድመቷ ለምን ቤት ቀየረች?

በከምባታዋ ዱራሜ ከተማ አጥር ለአጥር ተያይዞ የሚኖር ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። የአንዱ ቤት ድመት ቀስ በቀስ የሌላው ቤት ድመት ትሆናለች። መጀመሪያ እንሰቱ ሥር አድፍጣ ትታያለች። ሰንበት ብላ ማጀቱ በር ላይ ትቀመጣለች፤ አንድ ምሽት ምድጃው ዳር ተጠቅልላ ትገኝና ከዚያ ወዲያ የሚያስወጣት አይኖርም። የቀድሞ ባለቤቶቿ «ከሃዲ» ይሏታል፤ አዲሶቹ «ምን እናድርግ፣ ራሷ መጣች» ብለው እጃቸውን ይታጠባሉ። ውሻ በበላበት ይጮኻል፣ ድመት ግን ውለታ አታውቅም የሚባለውም እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። ነገሩ ቀረብ ተብሎ ሲታይ ወቀሳው የተገላቢጦሽ ነው። ብዙውን ጊዜ ድመት ቤት የምትቀይረው ስላልበላች ነው። ያልበላችውም ባለቤቶቿ ጨካኞች ሆነው ላይሆን ይችላል፤ «የጠገበች ድመት አይጥ አትይዝም» የሚለውን አሮጌ እምነት አምነው ነው። ያንን አምኖ ድመቱን በረሃብ የሚያሰለጥን ሰው የሚያተርፈው አይጥ አዳኝ ሳይሆን ለጎረቤት የሚሆን ድመት ነው።

የሰውና የድመት ኑሮ ሲጀመርም አሳዳሪና አዳሪ ተባብለው የተዋዋሉበት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመና ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ የቤትና የዱር ድመቶችን ዘር የመረመረ ጥናት እንዳሳየው፣ የዓለም የቤት ድመት ሁሉ የሚመዘዘው ከመካከለኛው ምሥራቅ የዱር ድመት ነው። ሰው እህል ዘርቶ ማከማቸት ሲጀምር አይጥ ጎተራውን ተከትሎ መጣ፤ አይጡን ተከትላ ድመት መጣች። በሬ ተጠምዶ፣ ፍየል ታግዶ ለማዳ ሲሆን ድመት ግን በራሷ እግር ነው የገባችው። ቆጵሮስ ደሴት ላይ 9,500 ዓመት ገደማ ባስቆጠረ መቃብር ውስጥ አንዲት ድመት ከሰው አጠገብ ተቀብራ ተገኝታለች። ደሴቲቱ የራሷ የዱር ድመት ስላልነበራት ሰው በጀልባ ጭኖ እንደወሰዳት ይታመናል። ስለዚህ ያን ጊዜም ቢሆን እንደ ቤተሰብ የምትቆጠር ድመት ነበረች ማለት ነው። ቤት መርጦ መግባት ግን ከዚያም የሚቀድም ጠባይዋ ነው። በመንጋ ከሚኖር ዘር የመጣውን ውሻ መስፈሪያ አድርጎ ድመትን መመዘን ፍርደ ገምድልነት ነው።

ወደ ረሃቡ ጉዳይ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣ አንድ ጥናት ድመቶች የሚወዱትን ምግብ እየበሉ ሳሉ አይጥ ቢለቀቅላቸው ምን እንደሚያደርጉ ተመልክቶ ነበር። ድመቶቹ ምግቡን ትተው ተነሡ፣ አይጡን ገደሉ፣ ከዚያም ተመልሰው መብላታቸውን ቀጠሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ድመት የምታድነው ትንንሽ እንስሳ ስለሆነ በቀን ብዙ ጊዜ መያዝ አለባት፤ ዘላ የምትስተውም ብዙ ነው። እስኪርባት ብትጠብቅ ኖሮ ዘሯ እስከ ዛሬ ባልቆየ። በእርግጥ ረሃብ ምንም ለውጥ አያመጣም ማለት አይደለም፤ የተራበች ድመት ትልቅና ተናካሽ አይጥ ላይ የመድፈር ዕድሏ ከፍ ይላል። ይሁንና አድብቶ መጠበቁ፣ መዝለሉና መያዙ ከሆድ ጋር የታሰረ አይደለም። አበው «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ያሉት ለሰው ቢሆንም ለድመቷም ቃል በቃል ይሠራል፤ መንኩሳ ያልረሳችውን ጠግባ አትረሳውም።

ከሁሉ የሚያሳምነው ግን የእርሻ ቤት ማስረጃ ነው። እንግሊዛዊው የሥነ ምህዳር ሊቅ ቻርልስ ኤልተን እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተሙት ጥናት ድመቶች በእርሻ ቤቶች አይጥን ምን ያህል እንደሚከላከሉ መርምረዋል። ያገኙት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ አይጥ ከወረረው በኋላ የገባች ድመት ብቻዋን ቤቱን አታጸዳውም፤ አስቀድሞ የጸዳ ቤት ግን ተመልሶ እንዳይወረር ማድረግ ትችላለች። ሁለተኛ፣ ይህን የምታደርገው ከቤቱ ካልራቀች ነው፤ እንዳትርቅ የሚያደርጋት ደግሞ የሚሰጣት ምግብ ነው። እዚያ የሚሰጣቸው ወተት ነበር። ምግብ ያላገኙት ወደ ሜዳው ተበተኑ፣ ግቢውም ያለ ጠባቂ ቀረ። ከኤልተን እርሻዎች እስከ ከምባታ ጓሮ ርቀቱ ብዙ ነው፤ የድመቷ ሆድ ግን አንድ ነው።

እንዲያውም በከምባታ ነገሩ ይብሳል፤ ምክንያቱም ቀጣዩ ቤት ሩቅ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የያኔው የከምባታ ጠምባሮ ዞን በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 500 ሰው ገደማ የሚኖርበት ሆኖ ተመዝግቧል፤ በአገሪቱ እጅግ ተጨናንቀው ከሚታረሱ አካባቢዎች አንዱ ነው። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት በአሜሪካ፣ በእንግሊዝ፣ በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ 925 የቤት ድመቶች ላይ ጂፒኤስ አስሮ ሲከታተል፣ አንዲት ድመት በአማካይ የምትዘዋወርበት ቦታ 3.6 ሄክታር ያህል ሆኖ ተገኝቷል። ያንን ልክ ሐምበርቾ ተራራ ግርጌ ባለ ገጠር ላይ ብናነጥፈው 18 ሰው፣ ማለትም ሦስት ወይም አራት ቤተሰብ ይገባበታል። ዱራሜ ከተማ ውስጥ ከሆነ ከዚያ በብዙ ይበልጣል። የእኛ ድመቶች ከፈረንጅ ድመቶች ይበልጥ ይዞሩ ይሆናል፤ ቢዞሩ ደግሞ ምርጫው ይሰፋል እንጂ አይጠብም። አንዷ ድመት በየምሽቱ የብዙ ማጀት ሽታ ይደርሳታል ማለት ነው። በዚህ ላይ ከተማዋ ራሷ ቤት ቀያሪ ሆናለች። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት የክልል ቢሮዎች ከተቀመጡባቸው ከተሞች አንዷ ዱራሜ ነች፤ ሠራተኛ ይመጣል፣ ተከራይቶ ይቀመጣል፣ ተዛውሮ ይሄዳል። ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄደው ወጣትም የዘጋው ቤት ጥቂት አይደለም። ዕቃው ይጫናል፣ ዶሮው ይሸጣል፤ ድመቷን ግን ማንም አይቆጥራትም።

እንዲህ የቀረች ድመት አዲስ ቤት የምትይዝበት መንገድ ሥርዓት አለው፤ ልብ ብሎ ለሚያይ ግልጽ ነው። ጉንጯንና የአፏን ጥግ በበሩ መቃን ታሻለች። ጉንጯ ላይ ሽታ የሚያመነጭ ዕጢ ስላለ፣ ለእኛ ፍቅር የሚመስለን ለእርሷ ምልክት መጣልም ጭምር ነው። ጅራቷን ቀጥ አድርጋ ወደ ሰው ከመጣች ሰላም ነኝ ማለቷ ነው፤ ጎንበስ ብላ በግድግዳው ጥግ ከሄደች ገና ትፈራለች። ሁሉም ድመት ግን ይህን አያደርግም። ግልገል ሳለች፣ በተለይ ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ፣ የሰው እጅ የነካት ድመት በኋላም ሰው ትጠጋለች፤ ያ ጊዜ ያለፈባት ከጓሮ አትዘልም። ስለዚህ በራችሁ ላይ መጥታ የተቀመጠችው ድመት ከዱር የመጣች አይደለችም። አንድ ጊዜ የአንድ ሰው ነበረች።

«ድመት አይጥን በእውነት ትቀንሳለች ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። ኒውዮርክ ውስጥ አንድ የቆሻሻ መልሶ መጠቀሚያ ድርጅት ግቢ ለ79 ቀን በካሜራ ሲጠበቅ፣ ድመቶቹ አይጥ ላይ የዘመቱት ሦስት ጊዜ ብቻ ነበር፤ የገደሉትም ሁለት። ይህ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲወጣ የድመት ነገር አከተመ ያለ ብዙ ነው። ሆኖም ያው ጥናት ድመት ባለበት አይጦቹ እምብዛም ወደ ግልጽ ቦታ እንደማይወጡ አሳይቷል፤ ደግሞም እነዚያ የኒውዮርክ አይጦች ግዙፍ ናቸው። ወደ እኛ ኑሮ የሚቀርበው በስዋዚላንድ፣ በዛሬዋ ኤስዋቲኒ፣ የገጠር ቤቶች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ነው። እዚያ ድመትና ውሻ አብረው ባሉበት ግቢ አይጦች ምግብ ፍለጋ መውጣታቸው በግልጽ ቀንሷል፤ ድመት ብቻዋን ወይም ውሻ ብቻውን ባለበት ግን እንዲያ ያለ ለውጥ አልታየም። ነገሩ ከመግደል ይልቅ በማስፈራት ነው የሚሠራው፤ ለማስፈራት ደግሞ ግቢው ውስጥ መገኘት ያስፈልጋል። ሦስተኛው ጎረቤት ቤት የምታድር ድመት እናንተ ጎታ ሥር ያለውን አይጥ አታስፈራም። የእንሰቱን ሥር የሚበላውን ፍልፈል ደግሞ ማንም ድመት ይገላግለኛል ብሎ አይጠብቅ።

የድህነት ነገር ከበድ ያለ ሙግት ነው። ልጅ በወጉ ባልጠገበበት ቤት ድመት መቀለብ ቅንጦት ይመስላል። ነገር ግን እየተጠየቀ ያለው ቀለብ ጥቂት ነው፤ ሥራውም ድመቷን ማጥገብ ሳይሆን ከግቢው እንዳትርቅ ማድረግ ነው። ልክ ያልሆነው የሚሰጣት ዓይነት ነው። ቆጮም እንጀራም ሆድ ይሞላሉ እንጂ ድመትን አያኖሩም። ድመት ያለ ሥጋ አትኖርም፤ ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ ስለማይሠራው ከሥጋ ታገኘዋለች፤ ካጣችው ዓይኗ ይደክማል፣ ልቧም ይታመማል። ወተትም ቢሆን፣ የኤልተን እርሻዎች ቢሰጡም፣ ብዙ ያደጉ ድመቶችን ያስቀምጣቸዋል። በመሳላ ሰሞን፣ ከምባታ መስቀልን ሲያከብርና የማኅበሩ በሬ ሲታረድ፣ ከመክተፊያው ሥር የሚወድቀው ጅማትና ሳንባ ለድመት ሠርግ ነው። ከዚያ ውጭ ባለው ጊዜ ማታ ማታ በአንድ ሰዓትና በአንድ ቦታ የሚሰጥ ጥቂት የሥጋ ትርፍራፊ፣ አልፎ አልፎም ሳንባ፣ የቀረውን ከአይጥ ለምታገኝ ድመት ይበቃል። ውሃ ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም።

በሽታን የሚያነሣ ሰው ሊናቅ አይገባም። በዓለም ላይ በሰው ከሚከሰተው የእብድ ውሻ በሽታ 99 በመቶ ያህሉ ከውሻ የሚመጣ ነው፤ ሆኖም ድመትም ተነክሳ ትይዘዋለች፣ ነክሳም ታስተላልፋለች። ኢትዮጵያም በሽታው ከጠናባቸው አገሮች ተርታ ናት። አመሏ በድንገት የተለወጠ፣ ምክንያት ሳይኖር የምትናከስ ድመት ካለች ማንም አይጠጋት። የተነከሰ ወይም የተቧጨረ ሰው ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ፣ ጠበልም ሆነ የአገር መድኃኒት ሳይጠብቅ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለምና። ሌላው ነፍሰ ጡሮችን የሚያሰጋው የቶክሶፕላዝማ ተውሳክ ነው። ድመት አብዛኛውን ጊዜ በዓይነ ምድሯ የምታወጣው መጀመሪያ በተያዘች ሰሞን ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው፤ የወጣውም ሰውን ለመያዝ ከአንድ እስከ አምስት ቀን ይፈልጋል። በየቀኑ የተጠረገ ግቢ አደጋውን በእጅጉ ይቀንሰዋል፤ ነፍሰ ጡር ሴት ጠረጋውን ለሌላ ትተው። ጥሬ ሥጋም ይህንኑ ተውሳክ እንደሚያመጣ እያወቁ ክትፎውን በልቶ ድመቷን ብቻ መክሰስ ግን ከማድላት አያልፍም። ከእነዚህ ሁሉ አደጋዎች አንጻር የከፋው የማንም ያልሆነችው ድመት ነች። የሚያስከትባት የለም፣ ስትታመምም የሚያያት የለም። የአይጥ መርዝ የሚያስቀምጡ ቤቶችም ልብ ይበሉ፤ መርዝ የበላ አይጥ የበላች ድመት አብራ ልትሞት ትችላለች፣ አይጡ ግን እንደገና ይራባል።

የቀረው የባለቤትነት ነገር ነው፤ ጎረቤት የሚያቃቅረውም እሱ ነው። «የሰው ድመት አበላሽታችሁ ወሰዳችሁ» የሚለው ቅሬታ መሠረት አለው፤ የጎረቤትን ድመት እያባበሉ ማስቀረት ነውር ነው። ነገር ግን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ ለባለቤቱ የሰጠው ጊዜ አጭር ነው፤ ያመለጠ ለማዳ እንስሳን ባለቤቱ ለአንድ ወር ካልፈለገው ባለቤት እንደሌለው ነገር ይቆጠራል። ይኸው ሕግ በሌላ በኩል እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል። እኔ ሁለቱን አንድ ላይ አነባቸዋለሁ። ድመቷን የያዘ ሰው ጭራዋን ብቻ አልያዘም፤ ክትባቷን፣ ንክሻዋንና ልጆቿንም ይዟል። ዛሬ እያበላ ነገ «የእኛ አይደለችም» የሚል ቤት ከቀድሞው ቤት አይሻልም።

ስለዚህ አንድ ቀን ሳይሆን ለሳምንታት የመጣች ድመት ካለች አጥር ተሻግሮ ማነጋገር ይገባል። «እማማ፣ ድመታችሁ እኛ ዘንድ ማደር ጀምራለች፤ ትፈልጓታላችሁ ወይስ እናቆያት?» ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም። ትፈለጋለች ከተባለ እነዚያው ማታ ማታ ያብሏት፣ እናንተም ለጊዜው ማብላቱን ተዉት። ትቆይ ከተባለ ደግሞ ወደ ወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ ሄዶ ስለ ክትባት መጠየቅ ነው፤ ወንድ ከሆነ ስለ ማኮላሸትም እግረ መንገድን ማንሣት። ሴት ከሆነች ጊዜ የለም። ድመት ስድስት ወር ሳይሞላት ማርገዝ ትችላለች፣ እርግዝናዋም ከሁለት ወር እምብዛም አያልፍም፤ አራት ያህል ግልገል መውለድም የተለመደ ነው። እማማ ከእነዚያ አንዷን ቢጠይቁ መብታቸው ነው። ግልገሏ ግን ሁለት ወር ሳይሞላት ከእናቷ አትለይ፤ ስትሄድም ማታ ማታ እንደምትበላ አስቀድሞ መነጋገር ነው፤ አለዚያ ተመልሳ ትመጣለች።