ዩኒቨርሲቲ ሲሰፋ ማን ይመራዋል? ክፍሎቹስ ለማን ይቆማሉ?

በአዲስ አበባ የሚኖር ሠራተኛ ወደ ሥራው ሲሄድ ወይም ከሥራው ሲመለስ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አጥሮች በአንዱ ሥር ማለፉ የተለመደ ነው። በስድስት ኪሎ የማኅበራዊ ሳይንሱና የሕጉ፣ በአራት ኪሎ የተፈጥሮ ሳይንሱ፣ በአምስት ኪሎ የምሕንድስናው፣ በልደታ የሕንጻ ሥራው፣ በጥቁር አንበሳ የሕክምናው ትምህርት ይሰጣል። የእንስሳት ሕክምናው ደግሞ ከከተማዋ ወጥቶ በቢሾፍቱ ይገኛል። አንድ ስም የተሸከሙ ብዙ ግቢዎች ናቸው። ይህን ያህል የተዘረጋ ተቋም በማን ይመራል? ክፍሎቹስ በምን መሠረት ተከፋፈሉ? ጥያቄው የመምህራንና የተማሪዎች ብቻ ነው ብሎ የሚተወው ሰው ሊኖር ይችላል። እኛ ግን ወጪውን በግብሩ የሚሸፍነው፣ ልጁን የሚልከው፣ በምሩቃኑም የሚታከመውና የሚዳኘው ሠርቶ አደሩ ሕዝብ ስለሆነ ጥያቄው የእርሱም ነው እንላለን።

ተቋሙ በ1943 ዓ.ም የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሆኖ ትምህርት ሲጀምር የተማሪዎቹ ቁጥር 33 ብቻ ነበር። ኃላፊው ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ። ይህን በመሰለ አነስተኛ ቤት ውስጥ የአመራር ጥያቄ ብዙም አያስቸግርም፤ ሁሉም በአንድ ሰው ዓይን ሥር ይውላልና። ነገሩ የተወሳሰበው በ1954 ዓ.ም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በተቋቋመ ጊዜ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑልን ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲው ሰጡ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ መሳፍንትና መኳንንት የተገደሉበት ሕንጻ ከአንድ ዓመት በኋላ የትምህርት ቤት መሆኑ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው፤ ለዛሬው እንለፈው።

ሊሰመርበት የሚገባው ግን በአንድ ጣሪያ ሥር የተሰበሰቡት ኮሌጆች ተመሳሳይ አለመሆናቸው ነው። የአለማያ የእርሻ ኮሌጅ በአሜሪካ የኦክላሆማ ትምህርት ተቋም አርአያ የተቀረጸ ነበር፤ የሕንጻው ኮሌጅ የስዊድን እጅ ነበረበት። የቤቱ የበላይ ቻንስለር ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ነበሩ። የፕሬዚዳንትነቱን ቦታ ከኢትዮጵያውያን መጀመሪያ የያዙት ልጅ ካሣ ወልደ ማርያም፣ ከእርሳቸውም ቀጥሎ እስከ 1966ቱ ለውጥ ድረስ የቆዩት ዶክተር አክሊሉ ሀብቴ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ተጭኖባቸው ነበር፤ የተለያየ ልማድ ይዘው የመጡትን ክፍሎች አንድ ማድረግና ከላይ ካለው ሥልጣን ጋር መስማማት። ሁለተኛው ሥራ ከ1966 ወዲህም የተቃለለ አይመስለንም።

ክፍል በምን ይከፈላል? እዚህ ላይ ከሁሉ ይልቅ ሊወሳ የሚገባው ምሳሌ የጎንደሩ የጤና ኮሌጅ ነው። በደምቢያ ወባ ሕዝቡን ከጨረሰ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም የተቋቋመው ይህ ኮሌጅ ክፍሎቹን ከውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ መዝገብ ገልብጦ አልወሰደም። የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስ፣ የአካባቢ ጤና ጠባቂ አሠለጠነ። ሦስቱ በየገጠሩ ጤና ጣቢያ አብረው እንዲሠሩ ታስበው የተፈጠሩ ሙያዎች ስለነበሩ ተማሪዎቹም ገና ሳይመረቁ በቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያዎች ይላኩ ነበር። አንዱ ያክማል፤ ሁለተኛዋ እናቶችንና ሕፃናትን ትከታተላለች፤ ሦስተኛው ምንጩን፣ መጸዳጃውንና ትንኝ የሚራባበትን ረግረግ ያያል። ክፍፍሉ የወጣው ከበሽታው ነው እንጂ ከወንበር ብዛት አይደለም። ጎንደር ከጊዜ በኋላ የሕክምና ፋኩልቲ፣ በ1996 ዓ.ም ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። አለማያም ቀደም ብሎ በ1977 ዓ.ም ራሱን ችሎ ወጥቶ ነበር። ልጅ ጎጆ ሲወጣ ቤቱ አይጎድልም፤ ይበዛል እንጂ።

ከዚህ አንጻር የዛሬውን መስፋፋት ስንመለከተው ሁለት ነገር ጎልቶ ይታየናል። በአገራችን ዛሬ ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ግድም በጣት ይቆጠሩ ለነበሩት ይህ ታላቅ እርምጃ መሆኑን ማንም አይክድም። ሆኖም በ2001 ዓ.ም ግድም ከመቶ 70ው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደብ በተወሰነ ጊዜ ክፍሎች ያበጡት በቁጥር ትእዛዝ ነበር። ቤተ ሙከራና መምህር ግን በትእዛዝ አይበዛም። በ2014 ዓ.ም የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ ሦስት ያህል ብቻ ሆነው ሲገኙ፣ ለሰፊው በር የሚበቃ ተማሪ ከታች አለመዘጋጀቱን አገር ሁሉ አየ። ጥፋቱ የተማሪዎቹ ነው የሚሉትን አንቀበልም።

ሁለተኛው የአመራሩ ጉዳይ ነው። በሕጉ መሠረት ከላይ ቦርድ አለ፤ ፕሬዚዳንቱና ምክትሎቹ የዕለት ሥራውን ያካሂዳሉ፤ የትምህርቱን ጉዳይ ሴኔቱ ይወስናል፤ ከታች ዲኑና የትምህርት ክፍል ኃላፊው ይገኛሉ። በየሰፈሩ ዕድር ያለው ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ዳኛው ብቻውን ቢወስን፣ ገንዘብ ያዡና ጸሐፊው ቃል ባይኖራቸው፣ ዕድርተኛውም ባይጠየቅ ምን እንደሚሆን ያውቃልና። ችግሩ የሚመጣው ሴኔቱ ከላይ የወረደለትን ለማጽደቅ ብቻ ሲሰበሰብ ነው። በ1969 ዓ.ም የወጣው አዋጅ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማትን በአንድ ኮሚሽን ሥር አደረጋቸው። በ1985 ዓ.ም ደግሞ ከ40 የሚበልጡ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በአንድ ጊዜ ከሥራ ተሰናበቱ። በሁለት የተለያዩ መንግሥታት ዘመን የተፈጸሙ ናቸው፤ የሚያመሳስላቸው ግን ትልቁ ውሳኔ ከዩኒቨርሲቲው በር ውጭ መወሰኑ ነው። የተሰናበተ መምህር ያስተምረው የነበረው ክፍል በማግስቱ በማን ተሸፈነ? ይህን ጠያቂ እምብዛም አልነበረም።

በ2015 ዓ.ም የወጣው የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ይህን ለመለወጥ ታስቦ የተደነገገ ሲሆን፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ሆኗል። ተማሪውን ራሱ ይመርጣል፤ ሠራተኛውን ራሱ ይቀጥራል፤ ገንዘቡን ራሱ ያስተዳድራል። መምህራን ለረጅም ዘመን ሲጠይቁት የኖሩት ነፃነት ስለሆነ እኛም እንደግፈዋለን። ይህ ሲባል ግን አንድ ሥጋት አለን። ገቢውን ራሱ የሚፈልግ ተቋም ገቢ የሚያስገኙትን ክፍሎች አቅርቦ የማያስገኙትን ማራቁ አይቀርም። የግዕዝና የታሪክ፣ የሒሳብና የፊዚክስ ክፍሎች ከንግድ አስተዳደር ጋር በገንዘብ ሚዛን ቢመዘኑ ማን እንደሚከብድ ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ጎንደር የአካባቢ ጤና ጠባቂ ባሠለጠነ ጊዜ ያተርፋል ወይ ብሎ የጠየቀ ቢኖር ኖሮ፣ ያ ክፍል ባልተከፈተ ነበር።

ለሠራተኛው በቀጥታ የሚመለከተውን እናንሣ። ዩኒቨርሲቲው ገና ኮሌጅ ሳለ፣ በ1940ዎቹ ዓመታት፣ ቀን ሲሠራ ለሚውለው ሰው የማታ ትምህርት ከፍቶ ነበር። ከጸሐፊነት ተነሥቶ ሒሳብ ሹም፣ ከመምህርነት ተነሥቶ ዳይሬክተር የሆነው ብዙ ሰው በዚያ በር የገባ ነው። የማታው ተማሪ ግን በየትኛውም ዩኒቨርሲቲ በመዋቅሩ ዳር ላይ የቆመ ነው። ከፍሎ ይማራል፤ የሚማርበት ክፍል የቀኑ ነው፤ መምህሩ የቀኑን ሥራ ጨርሶ የደከመ ነው። ከፋብሪካ ወይም ከመሥሪያ ቤት ወጥቶ በ12 ሰዓት ሲደርስ የዲኑም የመዝገብ ቤቱም በር ተዘግቷል። ውጤቱ ቢጠፋበት ለመጠየቅ ከአሠሪው ፈቃድ መለመን አለበት።

እንግዲህ ራስ ገዙ ዩኒቨርሲቲ አዲስ ደንብ በሚያወጣበት በዚህ ወቅት የማታው ተማሪ በሴኔቱ ውስጥ የሚናገርለት ሰው ማን ነው? የክፍያውን ልክ የሚወስኑትስ በምን ስሌት ይወስኑታል? የሠራተኛ ማኅበራትና የየሰፈሩ ማኅበርተኞች ይህን በጽሑፍ ጠይቀው መልሱን በጽሑፍ መቀበል ይችላሉ። የመዝገብ ቤቱን በር በሳምንት ሁለት ምሽት እስከ 2 ሰዓት ክፍት ማድረግ ደግሞ አዋጅም ቦርድም የሚያስፈልገው ጉዳይ አይደለም።