ከጎጀብ ዳር የሚታይ የዓለም ጦርነት

ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተጻፉ መጻሕፍት ዋና ዋና መታጠፊያዎችን ሲዘረዝሩ ዘወትር የሚያነሡት የ1934ቱን የሚድዌይ የባሕር ውጊያ፣ የ1935ቱን የኤል አላሜይንና የስታሊንግራድ ድሎች፣ የ1936ቱንም የኖርማንዲ ዘመቻ ነው። መታጠፊያ የሚባለው አጥቂ የነበረው ወገን ወደ መከላከል የተገፋበትና ከዚያ በኋላ የጦርነቱ አካሄድ የተለወጠበት ጊዜ ነው። ይህ ዝርዝር ግን ጦርነቱ በነሐሴ 1931 ዓ.ም. መጨረሻ በፖላንድ ተጀመረ ከሚለው አቆጣጠር ስለሚነሣ፣ ከከፋ፣ ማለትም ከቦንጋ፣ ከማንኪራ ደንና ከጎጀብ ሸለቆ ሆኖ ለሚመለከተው ከመነሻው ጎዶሎ ነው።

ለኢትዮጵያ ጦርነቱ የተጀመረው የፋሺስት ጦር መረብን በተሻገረበት በመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። የመንግሥታቱ ማኅበር በአንድ አባል ላይ የተቃጣ ወረራ በሁሉም ላይ እንደተቃጣ ይቆጠራል የሚለውን የጋራ ደኅንነት መርሕ ይዞ ሳለ፣ በኢጣሊያ ላይ የጣለው ማዕቀብ ነዳጅን አላካተተም፤ የስዊዝ ቦይም ለወራሪው ክፍት ሆኖ ቆየ። መጋቢት 22 ቀን በማይጨው የተደረገው ጦርነት በሽንፈት ተደመደመ፤ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ተያዘች፤ በጥቅምት 1929 ዓ.ም. ደግሞ ሮምና በርሊን የትብብር ስምምነት አደረጉ። የማኅበሩ ክሽፈት ለሂትለር ያስተማረው ትምህርት ሲታሰብ፣ ማይጨውን ከዓለም ጦርነት ታሪክ ለይቶ የቅኝ ግዛት ዘመቻ ብቻ ማድረግ ከባድ ስሕተት ነው።

ከማይጨው በኋላ ምዕራቡና ደቡብ ምዕራቡ ገና በጠላት እጅ ስላልወደቀ ጎሬ ጊዜያዊ የመንግሥት መቀመጫ ሆነች። ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የወጡ መኮንኖችና ዘመናዊ ትምህርት የቀሰሙ ወጣቶች በዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ሊቀ መንበርነት ያቋቋሙት የጥቁር አንበሳ ማኅበር ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴን መሪው አድርጎ ተንቀሳቀሰ፤ ሆኖም ስንቅና ጥይት ባነሰው፣ የአካባቢው ድጋፍም በራቀው ጊዜ ወደ ከፋ አቅጣጫ ሲያፈገፍግ፣ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ ዳር ተከበበና ራስ እምሩ እጃቸውን ሰጡ። በኋላ የታሰሩባት የኢጣሊያዋ የፖንዛ ደሴት በሐምሌ 1935 ዓ.ም. ከሥልጣን የወረደው የፋሺስቱ መሪ ሙሶሊኒም ለጥቂት ቀናት የታሰረባት መሆኗ መዘንጋት የለበትም። መደበኛ ጦርነት፣ ማለትም በአንድ አዛዥ ሥር ተሰልፎ የሚደረገው ውጊያ፣ በምዕራቡ በኩል በጎጀብ ዳር ሲያበቃ፣ ተጋድሎው በየአካባቢው ወደ ተደራጁ አርበኞች ተሸጋገረ፤ በደቡብ ምዕራብ ገረሱ ዱኪ፣ በሸዋ አበበ አረጋይ፣ በጎጃም በላይ ዘለቀ ጠላትን በምሽጎቹና በመንገዶቹ ወስነው አቆዩት።

ኢጣሊያ ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት በማወጇ የኢትዮጵያ ጉዳይ ከዓለሙ ጦርነት ጋር በይፋ ተሳሰረ። በኤርትራ በእንግሊዝና በኢጣሊያ ጦር መካከል የተደረገውና ሰባት ሳምንት ገደማ የፈጀው የከረን ውጊያ መጋቢት 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ሲያበቃ የሰሜኑ በር ተከፈተ፤ አዲስ አበባም በአሥር ቀን ውስጥ ከፋሺስት እጅ ወጣች። ምጽዋ እንደተያዘች ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ቀይ ባሕር የጦር ቀጣና አለመሆኑን ሚያዝያ 3 ቀን በማስታወቃቸው፣ የአሜሪካ መርከቦች ለግብፅ ግንባር የሚሆን ዕቃ ወደ ስዊዝ ማድረስ ቻሉ፤ የከረን ድል ከኤል አላሜይን ጋር የሚገናኘው በዚህ በኩል ነው።

መቀመጫውን ጅማ ያደረገውና ከፋንም ያካተተው አገረ ገዥነት ግን ገና አልወደቀም ነበር። የኢጣሊያው ጀኔራል ጋዜራ ክረምቱንና የኦሞን ሙላት መከታ አድርጎ ለመቆየት ቢሞክርም፣ በእንግሊዝ ሥር የተሰለፉ የአፍሪካ ወታደሮች ወንዙን ተሻገሩ፤ አርበኞችም ከተማይቱን ከበቡ። ጅማ የተያዘችው ሰኔ 14 ቀን 1933 ዓ.ም. ሲሆን፣ ጀርመን ሶቪየት ኅብረትን የወረረችው በማግሥቱ ነው። ጋዜራ በዚያው ወር መገባደጃ ደምቢ ዶሎ ላይ ከኮንጎ ለመጣው የቤልጅግ ጦር እጁን ሰጠ። የመጨረሻው የጎንደር ምሽግ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ሲወድቅ፣ ጃፓን ፐርል ሃርበርን ለመደብደብ ገና አሥር ቀን ይቀራት ነበር።